ከአንበሳው በታች ያለው ዓመት

የሳንቲም ስህተት መለየት የተማርኩት ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ ወለል ለመወልወል በተቀጠርኩበት ቤት ነው። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ነበሩ። እኔ እንደ አገሩ ወግ «ዓሚ» እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ «ያ ቢንቲ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በወጣትነታቸው የማተሚያ ማሽን ጠጋኝ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሳንቲም መሰብሰብ ጀመሩ፤ ግን ደህናውን ሳንቲም አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሲታተም የተበላሸውን ነው። «ገልጣ» ይሉታል፣ በዓረብኛ ስህተት ማለት ነው። ማሽኑ ሁለት ጊዜ የመታው፣ ምስሉ ወደ ጎን የሸሸበት፣ ጠርዙ እንደ ተገመጠ ብስኩት የጎደለ፣ አንዱ ፊቱ ባዶ የቀረ።

«ሰው ሲሳሳት አይገባኝም፤ ማሽን ሲሳሳት ግን ምን እንደደረሰበት አውቃለሁ» ይሉ ነበር።

ዓይናቸው ግን እየደከመ ሄደ። እኔ እዚያ ቤት ስገባ በአጉሊ መነጽር እንኳ ከፊደሉ ጥላውን እንጂ ፊደሉን አያዩም። አንድ ቀን ጠረጴዛቸውን ስወለውል «እስቲ ነይ፣ እዚህ ላይ ያለው መስመር አንድ ነው ወይስ ሁለት?» አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከ«እሺ» ሌላ ቃል ተናግሬ ስለማላውቅ ድምፄ አልወጣ አለ። በጣቴ ሁለት ብዬ አሳየሁ። ጣቴም አልታያቸውም። እጄን ይዘው በእጃቸው ቆጠሩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን ስጨርስ መስኮቱ አጠገብ እቀመጥና አይላቸዋለሁ። ሰው ፊት ቀና ማለት ስለማልወድ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት መሬትና የገዛ እጄን ነው። ትንንሽ ነገር አያመልጠኝም። እሳቸውም ቀስ እያሉ አስተማሩኝ። ሰው በመዶሻ የመታው ሳንቲም ላይ ብረቱ ተገፍቶ ጎን ላይ ይቆለላል፤ ማሽን በሳተው ላይ ግን ለስላሳ ነው። ጠርዙ የጎደለ ሳንቲም ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የጎደለው ቦታ ሳይሆን ትይዩው ነው። ብረቱ ከመታተሙ በፊት ጎድሎ ከነበረ በትይዩው በኩል ጠርዙ ሳስቶ ይገኛል። ትይዩው ደህና ከሆነ ግን አንዱ አታላይ በሞረድ ሞርዶታል።

ዋጋው ሌላ ትምህርት ነበር። ስህተቱ ያለ መነጽር ካልታየ ትንሽ ነው የሚያወጣው። ዓመቱ ካልተነበበ ይቀንሳል። ተፈትጎ ካብለጨለጨ አለቀለት። እኔማ ደግ የሠራሁ መስሎኝ አንድ ቀን ግማሽ ሎሚ ይዤ ስቀርብ የጮኹብኝን አልረሳውም። ከሁሉም በፊት ግን የሚጠየቀው ስንት አሉ ነው። አንድ ማኅተም ተሰንጥቆ ሺህ ሳንቲም ከመታ ሺውም ያው ስንጥቅ አለባቸው፤ ማንም አይገረምም። ስለዚህ ገበያ ስንሄድ አንድ ሳንቲም ከማንሳቴ በፊት የሻጩን ጣሳ ሙሉ አገላብጣለሁ፣ ወንድም እህት እንዳለው ለማየት።

ፎቅ ላይ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ይህን ነገር አልወደደችውም። «አባቴ፣ ሠራተኛ ሳንቲም ከነካች ነገ የጎደለውን ማን ያውቃል?» ስትል በሩ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። እሳቸው «የሚጎድለውን የምትነግረኝ እሷ ናት» አሏት። ከዚያ በኋላ ከመስኮቱ ስነሳ እጄን ከፍቼ ለራሴ አሳያለሁ፣ ባዶ መሆኑን።

ከሁሉም የሚወዱት አንድ የድሮ ቂርሽ ነበር። በሱዳን የድሮ ሳንቲም ላይ ግመል የሚጋልብ ሰው አለ። የእሳቸውን ማሽኑ ሁለት ጊዜ ስለመታው ግመሉ ስምንት እግር፣ ጋላቢውም ሁለት ራስ አለው። ዓመቱ በግልጽ ይነበባል፣ ማንም አልፈተገውም፣ እንደ እሱ ያለ ሌላ ያየ ሰው አላጋጠማቸውም። በጥጥ ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ከኦምዱርማን ድረስ ሊገዙ የመጡ ነበሩ። አይሸጡም።

ለዚህ ሁሉ እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ቢኖር የግዕዝ ቁጥር ነው። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት። ብዙ ልጆች ፩ ፪ ፫ን አጥንተው ይረሳሉ፤ እኔ ግን ጮክ ብሎ የማይነበብ ትምህርት ስለሆነ ወደድኩት። ዓሚ ጋ ማንም ያላነበበላቸው የኢትዮጵያ ሳንቲሞች ነበሩ። ሳነብላቸው በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈው እየለጠፉ በሳጥን ደረደሯቸው።

ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ፣ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት አጠገብ፣ በረንዳ ሥር ጨርቅ ዘርግቶ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ። የቆመ ሰዓት፣ በር የሌለው ቁልፍ፣ በወተት ጣሳ የተሞላ ሳንቲም። ቅዳሜ ቅዳሜ በአምጃድ ታክሲ እንሄዳለን። ሰውዬው ሲያየን ሁልጊዜ «ሃጅ ከነመነጽራቸው መጡ!» ይላል። መነጽር የሚለው እኔን ነው።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ሳንቲም ራሱ ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ለእኔ አቀበሉኝ።

«ምን ይላል፣ ያ ቢንቲ?»

«ኢትዮጵያ ይላል፣ ዓሚ። የአንበሳ ራስ አለው። በዚህኛው ፊት እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት።»

«ንጉሡስ?»

«ንጉሥ የለም።»

«ዓመቱ?»

ከአንበሳው በታች ፲፱፻፷፱ ይላል። «ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ» አልኩ።

ትንፋሻቸው ሲቆም ሰማሁት። «ደግመሽ አንብቢ።» ደግሜ አነበብኩ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «በስልሳ ዘጠኝ ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ! እኔ ራሴ አስታውሳለሁ። ንጉሥ የሌለበት ሳንቲም በንጉሡ ዘመን ምን ይሠራል? ማኅተሙን የቀረጸው ሰው ዓመቱን ስቷል። እንዲህ ያለ ገልጣ በዕድሜዬ አልሰማሁም።»

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከአፌ በወጣ ቃል አንድ ሰው ሲንቀጠቀጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣሳውን ማገላበጥ እንኳ ረሳሁ።

ሻጩ ምን እንዳነበብኩ አልገባውም፤ የሽማግሌውን እጅ ግን አየ። ሻጭ ፊት ደስታ አይታይም ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ። «ይህቺን በገንዘብ አልሰጥም፣ ሃጅ» አለ። «ያቺን የኪስዎን ግመል ያምጡ፣ ይህቺን ይውሰዱ።»

ዓሚ ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። «እስከ ቅዳሜ ላስብ» አሉ።

«እስከ ቅዳሜ ለማንም አላሳያትም፣ ወላሂ!»

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ተመልሼ ቤት ነበርኩ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ክፍል የምጋራት ልጅ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። እግሯ ሥር አስቀምጣ ሹሩባ እየሠራችኝ የሳንቲሟን ነገር አጫወትኳት። ኩራቴ አላስቻለኝም ነበር። እጆቿ ፀጉሬ ውስጥ ቆሙ።

«ቆይ ቆይ። ስልሳ ዘጠኝ በማን?»

«እንዴት በማን?»

«በሐበሻ ነው ወይስ በዚህ?»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ያ ሰላም! አንቺ ልጅ፣ በሐበሻ ስልሳ ዘጠኝ እዚህ ሰባ ሰባት ነው እኮ! ንጉሡ በሰባ አራት ወርደው የለ? እማዬ ከወረዱ በኋላ ነው የመጣችው። ሰባ ሰባት ላይ ደግሞ የምን ንጉሥ አምጪ ነው?» ሳቋ መጣ። «ሌላ ሰው ቢሳሳት እሺ። አንቺ? ወረቀትሽ ላይ ሠላሳ ዓመትሽ ነው እኮ፣ አሮጊቷ!»

እውነቷን ነው። መኖሪያ ወረቀቴ ሲወጣ አብራኝ የሄደችው እሷ ናት። ጸሐፊው የትውልድ ዓመቴን ከአማርኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ገልብጦ ስለጻፈው በአንድ ቀን ስምንት ዓመት አረጀሁ። እኔ ደግሞ አፍሬ «ተሳስተሃል» አላልኩትም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በራሴ ላይ ተሸክሜ እየዞርኩ ሳንቲሟ ላይ ሳየው አላወቅኩትም። ቁጥሩን ማንበብ ነበር ሥራዬ፤ አነበብኩ። ዓመቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

«ነገ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ኻላስ፣ አለቀ» አለችኝ። «ምን ያስፈራል?»

ለእሷ አያስፈራም። እኔ ሌሊቱን ሁሉ የልጃቸው ድምፅ ነው የተሰማኝ። ከሻጩ ጋር ተስማምታ ነው ትላለች። ሐበሻ የሐበሻ ሳንቲም አንብባ አባቴን አሞኘች ትላለች። ቀድሜ ብናገር ይህን ትላለች፤ ዝም ብል ደግሞ ግመሉ ይሄዳል።

ረቡዕ ሻይ ይዤ ገባሁ። «ዓሚ...» ስል ስልክ ላይ ነበሩ። ኦምዱርማን ላለው ጓደኛቸው እየነገሩ ነው። «ወላሂ ልጅቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው! ዓይኗ እንደ ንስር ነው!» በእጃቸው ቆይ አሉኝ። ቆየሁ። ሻዩ በረደ፤ ሌላ ላመጣ ወጣሁና ሌላውን ሳመጣ ቃሉ ጠፋኝ።

ሐሙስ ራሳቸው ጠሩኝ። ግመሉን ከጥጡ አውጥተው በአውራ ጣታቸው እየዳበሱት ነበር። «ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖረ» አሉ። «የግመሉን ሻኛዎች ቁጠሪልኝ።» ቆጠርኩላቸው። «ትክክል። አሁን ለሌላው ቦታ ይልቀቅ።» «ዓሚ፣ ባይሰጡትስ?» አልኩ። እሱን ማለት ችያለሁ። ሳቁ። «አንቺም ወደድሽው አይደል?» አሉ። አዎ አልኩ። ወጥቼ ኩሽና ውስጥ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። ምግብ አልበላሁም። ጓደኛዬ «አልነገርሻቸውም?» አለችኝ። «ሚስኪን» ብላ የሰጠችኝን ዳቦ መልሳ ሸፈነችው።

ቅዳሜ አምጃዱ ውስጥ ዓሚ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ እንደ ሙሽራ ሆነው ነበር። እስከ መብራቱ ድረስ እናገራለሁ አልኩ። መብራቱ አለፈ። እስከ ድልድዩ መታጠፊያ አልኩ። አለፈ። ሱቅ ዐረቢ ስንወርድ የሚኒባስ ረዳቶቹ ጩኸት ጆሮዬን ሞላው።

«አህለን ሃጅ! መነጽሩም መጣ!» አለ ሻጩ። ሳንቲሟን በአንድ እጁ ይዞ ሌላኛውን ዘረጋ። «ያላ፣ ግመሉ የት አለ?»

ዓሚ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ጥጡ ወጣ። መዳፋቸው ላይ ተፈታ። ሻጩ ጣቱን ሲዘረጋ እጄ ከእኔ ቀድሞ የዓሚን መዳፍ ሸፈነው።

«አይደለም» አልኩ።

«ምኑ?» አሉ ዓሚ።

«ዓመቱ። ስልሳ ዘጠኝ በእኛ ነው። የእኛ ቁጥር ከእናንተ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። በእናንተ ሰባ ሰባት ነው፣ ዓሚ። ንጉሡ የሉም። ስህተት የለበትም። ደህና ሳንቲም ነው።»

ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም።

ሻጩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «ስሙ፣ ስሙ! መነጽር መናገር ጀመረ! ሐበሺያ፣ ባለፈው ስታነቢ የት ነበርሽ? ቁጥርም ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?» አጠገቡ ካልሲ የሚሸጠው ሰውዬ መጣ። የሚኒባስ ተሳፋሪዎች ዞሩ። ዓሚ ፊታቸው ምንም አይልም፤ እጃቸው ከእጄ ሥር ነበር።

ቃል ሲያልቅብኝ መኖሪያ ወረቀቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለሻጩ ሰጠሁት። «የትውልድ ዓመቴን አንብብ» አልኩት። «ጸሐፊው የእኛን ቁጥር እንደ እናንተ ጽፎት ነው።»

አነበበ። ፊቴን አየ። እንደገና አነበበ። «ሠላሳ?» አለ።

ካልሲ ሻጩ ወረቀቱን ቀማው። «ሠላሳ! አላህ ይጠብቀን፣ ይቺ ጡት የጣለችው ትናንት ነው!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁሉም ፊቴን ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። መሬት ብትከፈት በገባሁ፤ ግን ቀና ብዬ ቆምኩ፣ ፊቴ ማስረጃ ስለነበር።

ያን ጊዜ የወተት ጣሳው ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ገለበጥኩት። አንበሳ ያለበት፣ ከሥሩ ፲፱፻፷፱ የሚል ሌላ ወጣ። ሌላ። ሦስተኛው ዝገት ነበረበት። ዓሚ መዳፍ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። በጣታቸው ጫፍ ዳሰሷቸው።

«ስንት ናቸው?»

«አራት፣ እሱ ከያዛት ጋር።»

ሻጩ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሃጅ፣ እኔ ምን አልኩ? ገልጣ ነው ያልኩት እኔ ነኝ? እርስዎ ነዎት የተንቀጠቀጡት።» ይህም እውነት ነበር። ዓሚ ሦስቱን መለሱለት። ግመሉን ጠቀለሉት። ወደ ኪሳቸው ሲከቱት እጃቸው ኪሱን ሁለቴ ሳተው፤ ልረዳቸው አልደፈርኩም።

አምጃድ ተሳፍረን መንገዱን አጋመስን። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፦

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ከማክሰኞ» አልኩ።

«ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ።» በጣታቸው ቆጠሩ። «ሐሙስ ዕለት ሻኛውን ስትቆጥሪልኝ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ምን አድርጌሽ ነው የፈራሽኝ?»

ምንም አላደረጉኝም። እሱን ማለት ነበረብኝ። የልጃቸውን ነገር ልናገር ስል ደግሞ ቤት መበጥበጥ መሰለኝ። ስለዚህ ሌላውን ተናገርኩ፤ ከዚያም የባሰ ነበር። «ሳጥን ውስጥ ያሉትም የኢትዮጵያ ሳንቲሞች፣ የለጠፉባቸው ዓመት ሁሉ የእኛ ነው። ሁሉም መታረም አለበት፣ ዓሚ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሁሉም» አሉ። በሩ ላይ ሲወርዱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፦ «ከዛሬ ወዲያ ያየሽውን በዕለቱ ንገሪኝ። ብቆጣም በዕለቱ።»

እሑድ ስመጣ ከሥራ የሚያስወጡኝ መስሎኝ ነበር። ሰላምታዬን ተቀብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ልጃቸው ከፎቅ ወርዳ አየችኝና አልፋኝ ወጣች፤ ነግረዋት ይሁን ሳይነግሯት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ወለሉን ሁለቴ ወለወልኩ። መስኮቱ አጠገብ ወንበሬ አልነበረም። ሰኞም አልነበረም። ማክሰኞ ግን ከቀትር ሶላት በኋላ ወንበሩ ቦታው ላይ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳንቲሞችና መነጽሩ ተቀምጠዋል። እሳቸው ለቀትር እንቅልፋቸው ተኝተዋል።

የመጀመሪያውን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ከተለመደው ሰፊና ስስ ነበር፤ ምስሉ ወደ አንድ ወገን እንደ ሊጥ ተለጥጧል። እውነተኛ ገልጣ ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። አገላብጬ አየሁት፤ ሁለቱም ፊቱ እኩል ተጨፍልቋል፣ ጠርዙም ተሰነጣጥቋል። ማሽን አይደለም። አንድ ሰው ሐዲድ ላይ አስቀምጦ ባቡር አሳልፎበታል። ምንም አያወጣም።

እስኪነሱ ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ደቂቃ አልሞላም፤ ተነሳሁ። በራቸውን አንኳኳሁ። አልሰሙም። ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ቆሜ «ዓሚ» አልኩ። «ዓሚ!»

ደንግጠው ቀና አሉ። «ምንድን ነው? እሳት ነው?»

«የመጀመሪያው ሳንቲም ባቡር የሄደበት ነው። ገልጣ አይደለም።»

ወደ ድምፄ ዞሩ። «ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?»

«በዕለቱ ንገሪኝ ብለው ነበር።»

«ዕለቱ ገና መቼ አለቀ፣ ያ ቢንቲ!» ተመልሰው ተኙ፣ ነጠላ ጨርቃቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ተቆጥተው ይሁን አልገባኝም። በእግር ጣቴ ወደ በሩ ሳፈገፍግ ከጨርቁ ሥር ድምፅ መጣ።

«ሁለተኛውስ?»

«ገና አላየሁትም።»

«ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ሁለተኛውን አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት።